ኔጌቲቭ ሰባት በድምፅ ብልጫ ስለተሸነፈችበት ስብሰባ

ለተከበሩ የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዲበዛ፣ ስብሰባዎ እንዲያንስ ዘወትር በጸሎቴ አስብዎታለሁ። እኔ የቤተ ክርስቲያን አስተማሪና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ የጥሩሸዋ አባት ነኝ።

የሒሳብ መምህርቷ እፀገነት ጥቁር ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት ይከፍሉት ነበር፤ በአንዱ ወገን ስሌቱን ደረጃ በደረጃ፣ በሌላው የእያንዳንዱን ደረጃ ምክንያት ያጽፋሉ። ምክንያት የሌለው መልስ ልክ ቢሆንም ማርክ አያገኝም። እኔም ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበትን ስሌት፣ የማስተምር ሰው ስለሆንሁ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ደስታዬን ሳይበዛ ስላስቆሙልኝ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ባዘጋጀው ፈተና፣ በራሱ ሲባዛ አርባ ዘጠኝ የሚሆን ቁጥር ስንት ነው ተብሎ ተጠየቀ። ልጄ ሰባትም ኔጌቲቭ ሰባትም ብላ ምክንያቱን በአራት መስመር ጻፈች። ከእርስዎ ዘንድ የመጣው የመልስ ወረቀት ሰባት ብቻ ስለሚል ኤክስ ተደረገባት።

ሁለተኛ፤ መምህርቷ የመልስ ወረቀቱ ይታረም ብለው ቢያመለክቱ ግምገማ ተጠራላቸው። የወላጅ ተወካይ ሆኜ እኔም ነበርሁ። መምህርቷ በሰሌዳ ላይ አንድ በአንድ አስረዱ፤ ስሌቱ እዚህ ላይ ተሳስቷል ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ከዚያ እጅ እንዲወጣ ታዘዘ። ሰባት ብቻዋን በሃያ ሦስት ድምፅ አለፈች፤ ለኔጌቲቭ ሰባት የወጣችው የመምህርቷ እጅ ብቻ ናት። አንድ ጥያቄ ሁለት መልስ አለው ማለት አቋም ማጣት መሆኑም በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል ነበር፤ እርስዎ ከሰዓት በፊት አጥርተው ስለሰጡን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሦስተኛ፤ መምህርቷ የአመለካከት ችግር አለባቸው ተብለው ከጓሳ ማዶ፣ መኪና ወደማይደርስበት ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ሰሌዳው አሁን አይከፈልም። መልሱ ይጻፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ልጄ ጥያቄ ስሰጣት ብዕሯን አስቀምጣ፣ እነሱ የሚፈልጉት የትኛውን ነው ትለኛለች።

አንድ ትንሽ ልመናም አለችኝ። በባሕረ ሐሳብ ሳወጣው የከርሞው ፋሲካ ሚያዝያ ዐሥራ ዘጠኝ ይውላል። ቀኑ ለሥራ ዕቅድዎ የማይመች ከሆነ እጅ አስወጥተው ቢያስተካክሉልን።

የወንበርዎን ዕድሜ፣ የእጅ አውጪዎችዎን ጤና እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤
መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ወዳጆ
ግንቦት 1999 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ እጅ በሚቆጠርበት ሰዓት ሰብሳቢው ዓይናቸውን ወደ እኔ ሲመልሱ የማዳበሪያ ወረፋዬ በእርሳቸው እጅ መሆኑ ትዝ አለኝ። ልጄ ሃያ ሦስቱ እነማን እንደሆኑ እስካሁን አልጠየቀችኝም። ሃያ ሦስተኛዋ እጅ የእኔ ነበረች።