ሁለት ጊዜ የተጠመቀች ልጅ ማረፊያ

ዛሬ ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በሕማማት ሳምንት፣ በባምባሲ ከተማ በወላጆቼ ቤት ተኝቼ ሳለሁ፣ እኔ ሐዊ ጉዲና፣ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት፣ አእምሮዬ የተሟላ፣ ልቤ ግን በሐኪም ቃል ያለቀለት፣ ማንም ሳያስገድደኝ የመጨረሻ ቃሌን አስጽፋለሁ። ምስክሮቼ የእናቴ አባት አባባ ሙላቱ፣ የጸሎት ቤታችን መጋቢ ዱጋሳ፣ ጎረቤታችን እማማ ዐዋጢፍ እና የሲቪክስ መምህሬ ወንድምአገኝ ናቸው። ጸሐፊውም መምህሬ ናቸው፤ መጋቢ ከጻፉት ስብከት ይሆናል፣ አባባ ከጻፉት ደግሞ ቀብሬን ወደ ደብራቸው ይወስዱታል።

የተሰበሰብነውም በዚሁ በቀብሬ ነገር ነው። በሕፃንነቴ አባባ ክርስትና አስነሡኝ፤ ካደግሁ በኋላ አባቴ ጉዲና ወንዝ ወስዶ በእምነቱ አስጠመቀኝ። ሁለት ጊዜ ተጠምቄ ልቤ አንዴም አልዳነም። ሰሞኑን ሁለቱ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው፣ የተኛሁ እየመሰላቸው በሬሳዬ ሲከራከሩ ሰነበቱ። አልተኛሁም ነበር።

አንደኛ፣ ስልኬን ለአባባ ሙላቱ ሰጥቻለሁ። ሲደውሉ ግን አይጩኹ፤ ፓዌ ያሉት እኅትዎ ያለ ስልክም ይሰማሉ። ዛሬ ሲገቡ፣ ሕማማት ነው ብለው ሳይስሙኝ ተቀመጡ።

«እሑድ ፋሲካ ነው፤ ያኔ እስምሻለሁ» አሉ።

«እሑድ ባልኖርስ፣ አባባ?»

«ኖርሽም አልኖርሽም እስምሻለሁ» አሉ።

መምህር፣ ይህን እንዳሉት ይጻፉልኝ። ከመጋቢ የትንሣኤ ስብከት ሁሉ ይልቅ ይህ አጽናንቶኛል፤ አጭርም ነው።

ሁለተኛ፣ ውሃ የምገፋበትን ጋሪ ከነጀሪካኖቹ ለአባቴ አወርሳለሁ። ግዴታ አለበት፤ ጠዋት ጠዋት ከቦኖ ቀድቶ ለእማማ ዐዋጢፍ ያደርሳል። የጸሎት ቤት ሽማግሌ ሆኜ ጋሪ አልገፋም ካለ ለመጋቢ ይተላለፍ፤ እሳቸው ወገባቸውን የሚያማቸው ሥራ ሲያዩ ብቻ ነው።

እማማ ዐዋጢፍ ቤርታ ናቸውና ከልጅነቴ ጀምሮ አማርኛቸው ወንድ ያደርገኛል። «አንተ ልጅ፣ ውሃ ተወው። አላህ ከሪም፣ አንተ ተነሣ ብቻ» አሉኝ።

«እነሣለሁ እማማ። እስከዚያ ግን ይጠማዎታል» አልኋቸው።

ሦስተኛ፣ በፋሲካ ማለዳ መዘምራኑ በሽተኛ ወዳለበት ቤት እየዞሩ ይዘምራሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ዞሬአለሁ። ዘንድሮ መጋቢ፣ ሐዊ እንዳትረበሽ ብለው ወደ እኛ ቤት እንዳይመጡ ከልክለዋል። ይምጡ። እኔ ባልኖርም ይምጡ፤ እናቴ ትኖራለች።

አራተኛ፣ ስለ ቀብሬ። አባቴም አባባም ብዙ ጥቅስ ጠቅሰዋል፤ እናቴን ሠናይትን ግን የጠየቃት የለም። ስለዚህ እሷ ትወስን።

«እሷ ምን ትላለች? አልቅሳ ትተወዋለች» አሉ አባባ።

«አልቅሳም ቢሆን ትወስናለች» አልሁ።

እናቴ ነጠላዋን ከአፏ አነሣች። «በእግሬ የምደርስበት ይሁን። ስለ ሃይማኖቱ አይደለም። ጠዋት ሄጄ አይቻት እንድመለስ ነው» አለች።

በእግሯ የምትደርስበት ከጸሎት ቤታችን ጀርባ ያለው መቃብር ነው። አባቴ ያሸነፈ መስሎት ቀና ሲል አየሁትና፣ «አባባ ሙላቱ ከነመቋሚያቸው ከሣጥኔ ፊት ይሂዱ» ብዬ ጨመርሁ። አባቴ አቀረቀረ። «ይሂዱ» አለ።

ለሁለታችሁም የምለው ይኸው ነው። ራሳችሁ እንደምታምኑት የእኔ ማረፊያ ለጊዜው ነው፤ የእናቴ መንገድ ግን በየጠዋቱ ነው። ብቻዋን አትላኳት።

ከዚህ በፊት የተናገርሁት ሌላ ኑዛዜ የለም፤ ይህም ተነብቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ምስክሮች፦
ሙላቱ፣ በፊርማ
መጋቢ ዱጋሳ፣ በፊርማ (ስለ ወገባቸው የተባለው እንዲሠረዝ ጠይቀው ተናዛዧ አልፈቀደችም)
ዐዋጢፍ፣ በጣት አሻራ
መምህር ወንድምአገኝ፣ ጸሐፊና ምስክር፣ በፊርማ

ተናዛዧ፦ ሐዊ ጉዲና። እጇ ስለዛለ እናቷ እስክሪብቶውን አብራት ይዛ ፈረመች።