ጋዝ እስኪሞላ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ብርዱ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? እኛ በረዶው የጓሮውን አጥር ዋጠው እንጂ ደህና ነን። የላክሽው የፖም ማርማላታ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዌንዴል ነው ያመጣልኝ፤ ለነገሩ በዚህ ክረምት ካንቺ የሚመጣውን ሁሉ የሚያመጣው ባሌ ነው።

እንደምታውቂው ዌንዴል የሚነዳለት ድርጅት የናፍጣ ጭነት መኪኖቹን ሸጦ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሄዱ ገዝቷል። ጋዙ የሚወጣው እዚሁ ከኛ ኮረብታ ሥር፣ ከዓለቱ ውስጥ ነው፤ በዚህ በሰሜን ፔንሲልቫኒያ መሙያው ግን ያለው ባንቺ ከተማ ብቻ ነው። ሾፌሩ ሁሉ ዋጋው ርካሽ፣ ሞተሩ ዝምተኛ እያለ ያሞግሰዋል። እኔ ግን፣ ሳቂብኝ፣ ናፍጣው ናፈቀኝ። ያኔ ዌንዴል በሩን ሳይከፍት ይሸተኝ ነበር። ዛሬ ታጥቦ እንደወጣ ሕፃን ንጹሕ ሆኖ ይገባል። ናፍጣው ሸፍኖት የኖረውን ሽታ ሁሉ አሁን አፍንጫዬ ይለያል። ልብሱ የፖም እንጨት ጭስ ይሸታል፤ እኛ ቤት ደግሞ የፖም እንጨት አንድደን አናውቅም።

ሊሞላ በሄደ ቁጥር ለምን እዚያው እንደሚያድር ስጠይቀው፣ ጋዝ እንደ ናፍጣ አይደለም፣ ቀስ እያለ ነው የሚሞላው አለኝ። አመንኩት። ስለ ሞተር ምን አውቄ እከራከረዋለሁ?

ትናንት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ፣ ሁላችንም ያመጣነውን አንድ ላይ ስንበላ፣ ዶሪንዳ አጠገቤ ተቀመጠች። ባሏ ከዌንዴል ጋር ነው የሚነዳው። ብቻሽን ማደሩን እንዴት ቻልሽው አልኳት። ሹካዋን አስቀምጣ አየችኝ።

«የምን ብቻ ማደር አመጣሽብኝ? የኔ ሰውዬ ቡና ገዝቶ እስኪመለስ መኪናው ሞልቶ ይጠብቀዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሞሉ የሚያድሩት የቆሻሻ መኪኖቹ ናቸው።»

ሳቅኩና የድንች ሰላጣውን አቀበልኳት።

ቤት ስገባ ያለፈው ሳምንት የስልክ ወሬያችን ትዝ አለኝ። «ዌንዴልን አትጨቅጭቂው፤ ጋዝ እኮ ቀስ እያለ ነው የሚሞላው» ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን ስለ መሙላቱ ትንፍሽ አላልኩሽም።

ተጠራጣሪ ነሽ ትይኛለሽ፤ ልክ ነሽ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለች ያሳደገችን እናት አንድ ናት። ተሳስቼ ብገኝ ደስታዬ ነው። ግን ፈርቻለሁ። ሴት ባሏ ቢከዳት እህቷ ጋ ሄዳ ታለቅሳለች፤ እኔ የት ሄጄ ላልቅስ?

ቅዳሜ ወዳንቺ ከተማ ሲነዳ አብሬው ተሳፍሬ፣ ጋዙ ሲሞላ በዓይኔ ላየው አስቤያለሁ። ለሱ አልነገርኩትም፤ የምናውቀው አንቺና እኔ ብቻ ነን። ይህ ደብዳቤ ረቡዕ ይደርስሻል። ሐሙስ እሱ ባንቺ በኩል ያልፋል። ዓርብ ማታ ገብቶ፣ ሳልጠይቀው፣ የቅዳሜው ጉዞ ቀረ ካለኝ መልስሽ ደርሶኛል ማለት ነው፤ ሌላ አትጻፊልኝ።

አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፤ ጉልበትሽን አሙቂው።

እስከ ዓርብ ድረስ፣
እህትሽ