ሙዙን አንሺልኝ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? የለፋሽበት ሁሉ ይሳካልሽ፣ ክፉ አይንካሽ። አባትሽ ደህና ነው፤ ጉልበቱ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል።

ስለ ምርምርሽ ስትጠየቂ የተቀረጸውን፣ የላክሽልንን ቪዲዮ ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊዋ ጋር አየነው። አንጀት አላሳልፍ ያለው መድኃኒት ሌላ ልብስ ደርቦ ይገባል፣ ደም ውስጥ ሲደርስ ሰውነት ራሱ ልብሱን ያወልቅለትና ሥራውን ይጀምራል ስትይ እልል አልኩ። “ይህን ከማን ተማርሽ?” ሲሉሽ ግን አጠገብሽ የቆመችውን ፕሮፌሰርሽን አቅፈሽ “ከሁለተኛዋ እናቴ!” አልሽ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ “ሴትዮዋ ታድላ!” አትልም? ሻይዋን ሳትጨርስ ሸኘኋት።

ክኒን አልውጥም ስትይ ሙዝ ውስጥ ደብቆ ያጎረሰሽ ማን ነበር? ያኔ እሷ የት ነበረች?

እውነቱን ልንገርሽ፣ ትናንት የልጅነት አልጋሽን ስናነሳ ከኋላው አስራ አንድ ክኒን አገኘን። ለካ ሙዙን እየበላሽ ክኒኑን ትወረውሪው ነበር! መድኃኒት ደብቆ ማሳለፍ እኔን ሲያቅተኝ እሷ አሳካችው፤ ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

ሰላም በያት፤ ዕድሜ ይስጣት። ይህን ጥርሴን ነክሼ ነው የጻፍኩት። አንቺን ግን ከልቤ መርቄሻለሁ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ፈውስ ይሁን። ሌላ ጊዜ ሲጠይቁሽ እኔን ባታነሺ እንኳ፣ ሙዙን አንሺልኝ።

እናትሽ