ያ ፍርድ ዛሬም ይሠራል ወይ?

እሑድ

ተሽሯል። ጠበቃችን ኡስታዛ ሪም ኮምፒውተሩን ወደኔ አዙራ በጣቷ አሳየችኝ። ከውሳኔው ግርጌ፣ በደቃቃ ፊደል፦ «በተምዪዝ ተሽሯል»። ተምዪዝ ከሁሉም በላይ ያለው ፍርድ ቤት ነው። እሱ ከሻረው ወዲያ የት ይኬዳል?

እኔ ደግሞ ለዝናሽ ተናግሬ ጨርሻለሁ። ትናንት እስር ቤት ልጠይቃት ሄጄ፣ «ልክ እንዳንቺ ለሆነች ልጅ የተፈረደ ፍርድ አግኝተናል፣ አይዞሽ» አልኳት። ፊቷ ወዲያው ፈታ አለ። አሁን ምን ልላት ነው?

ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ ለራሴም ይጥራልኝ። ዝናሽ እዚህ አማን፣ ረቢየህ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ቤት አዳሪ ሠራተኛ ነበረች። ለበዓል ቤተሰቡ ዐቃባ ከተማ ወርዶ ብቻዋን ቤት ስትጠብቅ ሆዷን ያዛት። ትርፍ አንጀት። በታክሲ ሆስፒታል ደረሰች፤ በዚያው ቀን ቀደዷት። ስልኳ በግርግሩ ወድቆ ተሰበረ። ማዳም ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነው፤ «ጠፍታለች» ብላ አመለከተች። ዝናሽ ከሆስፒታል ወጥታ ብታንኳኳ በሩን ሳይከፍቱላት ቀሩ። ጠፍታለች ከተባለ መክተቡ፣ ማለትም ያመጣት ቢሮ፣ ሌላ ሠራተኛ ይተካላቸዋል። ታማ ነበር ከተባለ አይተካም። እኔ ጋ መጥታ አገገመች። ቁስሏ ሲሻላት ስልኳን ልታሠራ መሐል አማን ወረደች፤ ፖሊስ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ጠየቃት፤ ጠፍታለች ተብላ ስለተመዘገበች አሰራት። አሁን ከአገር ትውጣ የሚል ትእዛዝ አለባት። ከወጣች ተመልሳ አትገባም። ታናሽ እህቷ እዚሁ አማን ነፍሰ ጡር ናት፤ ከዝናሽ ሌላ ሰው የላትም።

ችሎቱ ሐሙስ ነው።

ሰኞ

ጠዋት ተላዕ አል-ዓሊ ሰፈር፣ እንደ ወትሮው በሰዓት እየተከፈለኝ የማጸዳው ቤት። ከሰዓት በኋላ ኡስታዛ ቢሮ። ሥራዬ እዚያ ማስተርጎምና መዝገብ ማደራጀት ነው፤ ዛሬ ግን አብሬያት አነበብኩ። ንባቤ ያው ነው፣ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ሁለት ቃል ሄጄ አርፋለሁ። እሷ አትቸኩልም።

«ተሽሯል የሚለው ብቻውን ምንም አይነግረንም» አለች። «ለምን ተሻረ?»

የሻረውን ውሳኔ አውጥታ ከላይ እስከ ታች አየነው። ተምዪዝ ሴትየዋን ጠፍታለች አላላትም! የታችኛው ፍርድ ቤት ሐኪሙን ሳይሰማ ስለፈረደ ሐኪሙ ይሰማና እንደገና ይፈረድ ነው ያለው። መዝገቡ ወደ ታች ተመለሰ። ከዚያስ? ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም የለም። ጸጥ።

በድጋሚ ሲታይ ተረትታ ከሆነስ? ሴትየዋ ታክቷት አገሯ ገብታ መዝገቡ ተዘግቶ ከሆነስ? የመንግሥት ጠበቃው ቀድሞን አግኝቶት ከሆነስ? ቤት ስገባ ራቴን እንኳ አልበላሁም።

ማክሰኞ

የማጸዳላቸውን ኡም ኻሊድን አስፈቀድኩ። ምክንያቴን ሲጠይቁኝ እውነቱን ነገርኳቸው። «ልጅቷ ታማ ነው እንዴ ጠፋች ያሏት?» ብለው ሂጂ አሉኝ።

ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት። ኃላፊው አቡ ሳሜር ይባላል። የቆየው መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ አልገባም፣ ምድር ቤት ነው ያለው አለን። «ቡክራ።» ነገ ማለቱ ነው፤ የእሱ ነገ የትኛው ነገ እንደሆነ ግን እንጃ። ኡስታዛ አልተከራከረችም። ዝናሽ ምን እንደ ደረሰባት ነገረችው። ሰማት። ባዶ እጃችንን ወጣን።

አመሻሽ ላይ ዝናሽ ከእስር ቤት ደወለች።

«ሰብሊ፣ ያ ፍርድ ደህና ነው?»

ልዋሻት አልቻልኩም። ተሽሯል፣ ግን ከዚያ በኋላ የተፈረደ ሌላ አለ፣ እሱን እየፈለግን ነው አልኳት።  

«በይ ፈልጉ። እኔ እጸልያለሁ። ለኡስታዛሽም እጸልያለሁ፤ ስሟን ንገሪኝ።»

«ሪም።»

«የክርስትና ስሟን ነው እንጂ።»

«እስላም ናት እኮ፣ ዝንዬ።»

«እሺ፣ እንዲሁ ሪም ብዬ እነግረዋለሁ። ያውቃታል።»

ስቄ አለቀስኩ።

ረቡዕ

ተገኘ!

አቡ ሳሜር ራሱ ደወለ። በሰርቪስ ታክሲ ተሳፍሬ እንዴት እንደ ደረስኩ አላውቅም። ሐኪሙ ቀርቦ መስክሯል፣ ፍርድ ቤቱም እንደገና ያንኑ ፈርዷል፦ ለሕክምና ከቤት የወጣች ሠራተኛ ጠፍታለች አትባልም። ይግባኝ ተብሎበት ተምዪዝ አጽንቶታል።

ኡስታዛን አቅፌ ልስም ስል በእጇ መለሰችኝ። «ቆይ። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ተሻሽሏል።» አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ዘርግታ ተቀመጠች። አንቀጹ ቁጥሩ ብቻ ተቀይሯል፣ ቃሉ ያው ነው። እሱንም አላመነችም፤ በኋላ ተቃራኒ የፈረደ እንዳለ ፈለገች። አንድ አለ።  ግን ያቺ ሠራተኛ ሌላ ቤት ሥራ ጀምራ ነው የተያዘችው፤ የእኛዋ አልጀመረችም። ኡስታዛ እሱንም ከማመልከቻችን ጋር አያያዘችው።

«ለምን? የሚጎዳን አይደል?» አልኳት።

«እኛ ካላነሳነው እነሱ ያነሱታል። እኛ ስናነሳው ልዩነቱን እናሳያለን።»

ከታች ካለው ሱቅ ክናፋ የሚባለውን ጣፋጭ አስመጣች። አይብ አለበት፣ ረቡዕ ነው፤ እኔ ፈላፍል በላሁ። እንደዛሬ የጣፈጠኝ ቀን የለም።

ሐሙስ

ዝናሽ ከስታለች። እህቷ ሆዷን ደግፋ ከኋላ ተቀመጠች።

የመንግሥት ጠበቃው ተነሥቶ ያንኑ እኛን ያስደነገጠንን ቃል ተናገረ፦ የተጠቀሰው ውሳኔ ተሽሯል። ኡስታዛ «አዎ፣ ተሽሮ ነበር» አለችና ሁለተኛውን አቀረበች። ዳኛው ረጅም ጊዜ አነበቡ። ከዚያ ዝናሽን ጠየቁ፣ እኔ አስተረጎምኩ።

«ለአሠሪዎችሽ ለምን አልነገርሽም?»

«ስልኬ ተሰብሮ ነበር። ስድን በራቸውን ያንኳኳሁት እኮ ልነግራቸው ነው።»

ወደ ዐረብኛ መለስኩት። ዳኛው ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ጻፉ። ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ ከአገር የማስወጣቱ ትእዛዝ ታግዶ ይቆይ፣ በዋስ ትለቀቅ።

ዋስ ከየት ይምጣ ብዬ ሳስብ ኡም ኻሊድ ትዝ አሉኝ። ደወልኩላቸው። ቦርሳቸውን ይዘው መጡ፣ ፈረሙ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ።

ዓርብ

ዝናሽ እኔ ጋ ናት። ገላዋን ታጠበች፣ ሽሮ ሠራሁላት፣ ጨው አነሰው አለች። ድናለች ማለት ነው።

ኡስታዛ ደውላ ልኩን ነገረችኝ። ተስፋ አለን፣ ግን ፍርዱ ገና ነው፤ ብናሸንፍም ይግባኝ ሊሉ ይችላሉ። ለዝናሽ ሁሉንም ነገርኳት። አሁን ምንም አልደብቃትም። አሰብ አደረገችና ጠየቀችኝ፦

«ከተፈረደልኝ፣ የኔንም ፍርድ እንደዚያችኛዋ ለሌላ ሰው ይፈልጉታል?»

«ይፈልጉታል። ይሠራል ወይ ብለውም ይመረምሩታል።»

«እንግዲያ ለኡስታዛ ንገሪልኝ፣ ስሜን አስተካክለው ይጻፉት። ኢቃማዬ ላይ አባቴን ጌታቸውን ‹ጂታሸው› ነው ያደረጉት።»

ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አሁን እንቅልፍ ወስዷታል፤ መጋረጃውን ልዝጋላት።