ላንጋኖ ዳር ያመለጠኝ ምርቃት

ሙሌዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ማለት ይከብደኛል፤ ግን ሌላ አጀማመር አላውቅበትም። ከተለያየን ሁለተኛው ጥር መጣ። ያለፈውን ጥር ጥቁሬን ለብሼ፣ በር ዘግቼ፣ የሰርግ መኪና ጥሩምባ እየሰማሁ ነው ያሳለፍኩት። ይሄኔ ሙሌ ቢኖር የትኛው መኪና መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር እያልኩ። ዘንድሮ የተንጠለጠልኩት እኔ ነኝ። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልስጥህ። ፎቶ ቤቱ አልተዘጋም። ግማሹን ለሞባይል ጠጋኝ አከራይቼዋለሁ፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ብቻ ጠዋት የከፈተውን ዘፈን ማታም እሱኑ ነው የሚያሰማኝ። ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃህ እዛው ግድግዳው ላይ አለ። ለፓስፖርት የሚነሳ ሁሉ ነጭ ነው የሚፈልገው፤ እኔ ግን እሱን ለማውረድ እጄ እምቢ አለኝ። ልጅህ ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሀዋሳ ናት፤ ፈተና ሲደርስ እንዳንተው ጥፍሯን ትበላለች አሉ። ጎረቤታችን ወይዘሮ አበቡ ደግሞ አጥር ሲያድሱ ወደኛ ግቢ ገፋ አድርገውታል። አንተ ብትኖር ታስቃቸው ነበር፣ እሳቸውም እየሳቁ ይመልሱት ነበር። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ለምን መሰለህ? ልጃቸው ሌንሳ ልትዳር ነው፣ ፎቶውንም እኔ ላነሳ ነው።

ሌንሳ ራሷ ናት የመጣችው። ወንበር እንኳ ሳትስብ ጀመረችው፦ "እትዬ ሰኒ፣ ላንጋኖ ዳር ነው፣ አሸዋው ላይ። ለፎቶ መደርደር የለም። ቪዲዮ የለም። የሰው ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል። ሰው እንደልቡ ይጫወት፣ አንቺም እንደልብሽ አንሺ።" እናቷ ከኋላዋ ቆመው፣ "ሳይደረደሩ ደግሞ የምን ሰርግ ነው፣ ሽርሽር በይው እንጂ" ይላሉ። ከዛ ሌንሳ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አንድ ነገር ብቻ እትዬ። የአባባን ጉልበት ስስም እንዳታመልጥሽ። ከሳቸው ጋር አንድ ፎቶ የለኝም።"

አባባ በዳሳን አንተ አላወቅካቸውም። አያቷ ናቸው። አባቷ በልጅነቷ ሲሞት፣ እናቷ ኑሮ እስኪያቃኑ፣ እዛው ላንጋኖ አጠገብ ቡልቡላ ወስደው፣ በቆሎና ሽንኩርት እየነገዱ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ካሜራ ካዩ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው ናቸው። አሁን ደግሞ ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ነው፣ ጉልበታቸውም ደክሟል። ሰርጉ ላንጋኖ የሆነው ለሐይቁ ውበት ይመስልሃል? ለሳቸው ነው። አዳማ ድረስ መምጣት ሲያቅታቸው ሰርጉ ወደሳቸው ወረደ።

እሺ አልኳት። እሺ ካልኩ በኋላ ግን ፈራሁ። ታውቀኛለህ፤ የኔ ሥራ መብራት መያዝ፣ አልበም መለጠፍና ሙሽሮች ሲኮራረፉ ማስታረቅ ነበር። ካሜራውን በወጉ ከያዝኩት ገና ነው፣ እሱም ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቀመጥልኝ። ባትሪ ሞላሁ፣ እንደገና አየሁት፣ አሁንም አየሁት። የሚያጽናናኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያንተ "ድገሙልኝ"። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ካመለጠችህ መልሰህ ታሳፍራታለህ። ኬኩ ከተቆረጠ፣ ከሌላ ጎኑ ታስቆርጣለህ። ሞጆ ላይ የሙሽራውን አባት ምርቃት ስታስደግማቸው፣ በሁለተኛው ዙር የረሷቸውን ልመናዎች ሁሉ አስታውሰው ምሳው እስኪቀዘቅዝ አለመጨረሳቸው ትዝ ይልሃል? እና እኔም ካመለጠኝ፣ ድገሙልኝ እላለሁ ብዬ ሄድኩ።

ቀኑ እንዴት ያምር ነበር መሰለህ። እንዳንተው መኪና መስኮት ላይ ተንጠልጥዬ እያነሳሁ ደረስን። ፓስተሩ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው አሸዋው ላይ ቆመው አጋቧቸው። ሌንሳ በባዶ እግሯ ነች። ሙሽራው ናሆም ሱሪውን ጠቅልሏል፤ እግሩ ቀጭን ነው፣ ግን ሳቁ ይበቃዋል። ከአዲስ አበባ የመጡት የናሆም አክስት በዛ ረጅም ተረከዝ ጫማ በየርምጃው አሸዋው ውስጥ እየተተከሉ፣ ሁለት ሰው ይነቅላቸዋል። መዝሙሩ ሲሞቅ ሽማግሌው ወጣቱ ውሃው ጠርዝ ላይ ይዘላል፣ ቡናማው ውሃ በነጭ ልብስ ላይ ይረጫል፣ ማንም አይቆጣም። እኔም ፍርሃቴ ለቀቅ አለኝ። በጉልበቴ ተንበረከክሁ፣ ውሃ ውስጥ ገባሁ፣ አሸዋ ላይ ተኛሁ። ወይዘሮ አበቡ፣ "ሰኒ፣ አንቺ ነሽ እንዴ የምታገቢው?" አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ እዛ ነፋስ እንደሚነሳ የነገርከኝ አንተ ነህ። ተነሳ። ሙሽሮቹ ስሩ የቆሙበትን ነጭ መጋረጃ ከነእንጨቱ ነቅሎ ወስዶ አክስትየው ላይ ጣለው። እሳቸው ውስጡ ሆነው፣ "ማነው የነካኝ?" እያሉ ይዞራሉ፣ ሰው በሳቅ ይንከባለላል። ካሜራዬን ወደሳቸው አዞርኩ። እንዲህ ያለ ነገር ማን ያልፋል? አንስቼ አንስቼ፣ እየሳቅሁ ዞር ስል፣ አባባ በዳሳ እጃቸውን ከሌንሳ ራስ ላይ ሲያነሱ አየሁ።

አልቋል። ሳቁ ሲበረታ ሽማግሌው በቃ አሁን ነው ብለው ጠርተዋት፣ ተንበርክካ፣ ጉልበታቸውን ስማ፣ ተመርቃ ተነስታለች። ከኋላዬ። እኔ ሳቅ ሳነሳ።

ሙሌዬ፣ ሮጬ ሄጄ ጎንበስ አልኩና፣ "አባባ፣ እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ" አልኳቸው። በዛ በተጋረደ ዓይናቸው ወደ ድምፄ ዞሩ። "ምኑን ነው የምደግመው?" አሉ። "ምርቃቱን፣ ለፎቶ።" እጃቸውን ወደላይ አንስተው፣ "ልጄ፣ ምርቃቱ እኮ ሄዷል። አሁን ብደግመው ፈጣሪን ቅድም አልሰማኸኝም ማለቴ ነው" አሉኝ። ዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ። ለካ ያ ያንተ ቃል ለሁሉም ሰው አይሠራም። ሌንሳ አልሳቀችም። ክንዴን ያዝ አድርጋ "ግድ የለም እትዬ" አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዛ በኋላ ያለውን ሰዓት ሰርግ አላየሁም። ሽማግሌውን ብቻ ነበር የምከተለው። ሲቀመጡ እቀመጣለሁ፣ ሲነሱ እነሳለሁ። "ይቺ ሴትዮ ምን ጠፍቷት ነው?" ሲሉ ሰምቻለሁ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ደከማቸው፣ ልሂድ አሉ። ጫማቸው አሸዋ ሞልቶ ስለነበር አውልቀውታል። ሰው ጫማ ፍለጋ ሲራወጥ ሌንሳ ከጭፈራው መሃል ወጥታ መጣች። በዛ ነጭ ቀሚስ እርጥቡ አሸዋ ላይ ቁጭ አለችና እግራቸውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ጫማውን ልታጠልቅላቸው አንድ እግራቸውን ስታነሳ፣ አባባ እንዳይወድቁ እጃቸውን ራሷ ላይ ደገፍ አደረጉ። "ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ተይ፣ ቀሚስሽ ተበላሸ" ይላሉ። እሷ ቀና ብላ እያየቻቸው ትስቃለች። ፀሐይዋ ፊት ለፊቴ ነበረች። ተጫንኩ። ዳግመኛ ልጫን ስል ቆመዋል።

ሙሽሮቹ ከጫጉላ እስኪመለሱ ያችን አንድ ፎቶ ከፍቼ ስዘጋ ከረምኩ። ጥርት ያለች ናት ወይስ ለኔ ዓይን ነው? ጥላው በዝቷል? ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር ነበር። እጃቸው ራሷ ላይ ነው፣ እሷም እግራቸው ስር። የምርቃቱ ነው ብላት ማን ያውቃል? አንተ ብትሆን ምን ትላት ነበር እያልኩ መጋረጃህ ስር ተቀምጬ ጠየቅሁህ።

ሌንሳ መጣች። ሌላውን ሁሉ ሳታይ ያችን አንዷን ፎቶ አሳየኋት። ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየቻት። እኔ ጥፍሬን ስበላ ነው የቆየሁት።

"የምርቃቱ አይደለም አይደል?"

"አይደለም የኔ ልጅ። እሱ አመለጠኝ።"

"እዚህ ጋ ምን እያሉኝ ነበር?"

"ቀሚስሽ ተበላሸ።"

ሳቀች፣ ሳቋም እንባ አመጣ። "ሲመርቁኝ እኮ አንገቴን ደፍቼ ነበር እትዬ። ፊታቸውን አላየሁትም። እዚህ ግን እያየኋቸው ነው" አለች። ከዛ ሳልጠይቃት ምርቃቱን ነገረችኝ፣ ቃል በቃል። የቤትሽ ሳቅ ለጎረቤት ይትረፍ። ስትወጪ የሚሸኝሽ፣ ስትገቢ የሚቀበልሽ አትጪ። አንዱን በአማርኛ፣ አንዱን በኦሮምኛ፣ ልክ እሳቸው እንዳሉት አድርጋ። ምንም አልጎደለባትም።

ሙሌዬ፣ እኔ ያልተነሳ ነገር ሁሉ የጠፋ ይመስለኝ ነበር። ከሞትክ ወዲህ ያስጨነቀኝ ይሄው ነው፤ የሰው ሁሉ ፎቶ በእጅህ አልፎ የራስህ ጥቂት መሆኑ። አሁን ትንሽ ቀለል ብሎኛል። ከሰርግ ስትመለስ በሩ ላይ ተቀምጠህ፣ ጫማህን ሳትፈታ፣ ከኮትህ ኪስ በሶፍት የተጠቀለለ ኬክ ታወጣልኝ ነበር። ተጨፍልቆ፣ ቅርጹ ጠፍቶ። "የኔን እዛው በልቻለሁ" ትለኝ ነበር። እንዳልበላህ አውቃለሁ፤ ያንተው ድርሻ ነበር። ይሄንን ማንም አላነሳውም። እኔ ግን ይዤዋለሁ፣ ሶፍቱን ስትፈታ አውራ ጣትህ ላይ የሚቀረው ክሬም ሳይቀር፣ አንተ ጋ እስክመጣ ድረስ።

ያንተው ሰኒ