ሦስት ጊዜ የተነሳው እጅ

አቃቂ በሰቃ
ጥር 2002 ዓ.ም.

ይድረስ እምድብር ለሚገኙት ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን ከርመዋል? የጉልበትዎ ቁርጥማት በዚህ በጥር ብርድ እንዴት አደረገዎት? ጓሮው፣ እንሰቱ፣ ላሚቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ አለሁ፣ አምላክ ይክበር። ወንድምዎም ይበላል፣ ይጠጣል፣ በአካሉ ደኅና ነው። ይህን የምጽፍልዎት ስለቀረው ነውና እባክዎን በር ዘግተው ብቻዎን ያንብቡልኝ። ለክረምት ዕረፍት እየመጣ ፊደል ያስቆጠረዎት እሱ ራሱ በመሆኑ፣ የሚያነብልዎት ሰው እንደማይፈልጉ አውቃለሁ።

በአይሱዙ ቆጮ የሚያመላልሰው ጎረቤትዎ ጣሰው መልእክትዎን ምንም ሳያስቀር አድርሶኛል። ደርግ ያላንበረከከውን ወንድሜን አንዲት ሴት ከምክር ቤት ጎትታ አወረደችው ብለዋል። ምስኪኑ ሲነግረኝ መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔ ግን አላፈርኩም። አዎ፣ እኔ ነኝ። መንግሥትም አላስፈራራውም፣ ፓርቲውም አልገፋውም፤ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። እርስዎ እናትም አባትም ሆነው አሳድገው፣ የደኅና ሰው ልጅ አጭተውለት ሳለ፣ እሱ ከፋብሪካ የምትውል የአቃቂ ፈታይ አግብቶ አስቀየመዎት። ጋብቻችንን አልመረቁትም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ደጃችንን አልረገጡም። በዚያ ላይ ይሄ ሲጨመር ቢቆጡ አልፈርድብዎትም። ግን ለምን እንዳደረግሁት ከእኔ ይስሙ።

አምና ግንቦት ላይ ምክር ቤቱ አንድ የብድር ስምምነት ሲያጸድቅ በቴሌቪዥን እያየሁ ነበር። መቼም ወንድምዎን ያውቁታል፤ እጁ የሚነሳው አፈ ጉባኤው የምትቃወሙ ሲሉ ብቻ ነው። ያን ቀን ግን የምትደግፉ ሲሉ ከገዢው ፓርቲ ሰዎች ጋር አብሮ አነሳ። ምን ነካው ብዬ ሳልጨርስ፣ የምትቃወሙ ሲሉም አነሳ። ድምፀ ተአቅቦ ሲሉም አነሳ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ አፈ ጉባኤውም ሳቁ፣ እሱም አብሯቸው ሳቀ። እኔ ፊቱን አይቼ ነበርና መሳቅ አቃተኝ። ገበያ መሃል አብረውት የመጡት ሰዎች የጠፉበት ሰው ይመስል ነበር።

በማግስቱ ጋዜጦቹ ተቀባበሉት። ብንደግፍም ብንቃወምም ለውጥ እንደሌለው ያለ አንድ ቃል ተናገረ፣ እንዲህ ያለ ተቃውሞ ታይቶ አይታወቅም አሉ። ፈቀደ የሚባለው በፓርቲው ያለ ወጣት ምክትሉ ጓደኞቹን አስከትሎ ቤታችን መጣና ትከሻውን እየሳመ፣ ጋሼ፣ የስንት ዓመት ንግግራችንን በሦስት እጅ ጨረሱት እኮ አለው። ወንድምዎ ፈገግ ብሎ አመሰገናቸው። እንግዶቹን ሸኝቼ ስመለስ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለመሆኑ ምን አድርጌ ነው? አለኝ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ የበሽታውን ስም በእንግሊዝኛ ነገረኝ፤ በአማርኛ ንገረኝ ስለው፣ የቅርቡ ይሄዳል፣ የሩቁ ይቆያል፣ መድኃኒቱም ያዘገየው እንደሆነ እንጂ አይመልሰውም አለኝ። ያን ቀን ከሐኪም ቤት እስከ አቃቂ ታክሲ ውስጥ እጁን ይዤ መጣሁ። እሱ በመስኮት እያየ የመንገዱን ፎቆች ያደንቅ ነበር። እኔ ደግሞ ሳቁ ወደ ሹክሹክታ ሳይለወጥ፣ ስሙ እንደቆመ በገዛ እግሩ ይውጣ ብዬ በልቤ ማልኩ። መጀመሪያ ተቆጣኝ። አንድ ጠዋት ግን፣ አእምሮው ጥርት ያለለት ጊዜ ነበር፣ ራሱ ጠራኝና እጄ ሳላውቀው ከሚነሳ እያወቅሁት ላውርደው አለኝ። መስከረም ላይ ምክር ቤቱ ሲከፈት ተሰናበተ። ሁለቱም ወገን ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። እትዬ፣ ያን ጭብጨባ ነው ያተረፍኩለት። በደል ከሆነ በደሌ ይሄ ነው።

ፈቀደ እስከ ዛሬ በየሳምንቱ ይመጣል። ምርጫው ደርሷል፣ ጋሼ ለአንድ ቀን መድረክ ላይ ቢቆሙልን ይላል። እኔም በሩን ገርበብ አድርጌ፣ መጽሐፍ እየጻፈ ነው፣ መረበሽ አይወድም እላለሁ። ቆልፋበታለች ብለው ያሙኛል። ይበሉ። እውነቱን የምታውቅ ጎረቤቴ ባለሱቋ በድሪያ ብቻ ናት። አንድ ቀን ሳላየው ወጥቶ ሱቋ በር ላይ ቆሞ፣ ክብርት አፈ ጉባኤ፣ የመናገር ዕድል ይሰጠኝ ሲላት፣ ስኳር እየመዘነች፣ ክቡርነትዎ፣ ስብሰባው ለዛሬ ተበትኗል፣ ኑ ልሸኝዎት ብላ አመጣችልኝ። አላህ ይስጣት፣ አንድም ቀን ለሰው አላወራችም።

አሁን ኑሯችን ሕልም መስሏል። ክፉ ሕልም ነው ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ጠዋት ከአቃቂ ወንዝ የሚነሳው ጉም ግቢያችንን ሲሞላው ደጅ አስቀምጠዋለሁ፤ ጉሙ እስኪገፈፍ ያየውን ሁሉ ይነግረኛል። ከእናንተ ጓሮ የእንሰቱ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማዋል። የሞቱት ሰዎች ሰላም ብለውት ያልፋሉ። ሐኪሙ እንዳለው የቅርቡ በየተራ ሄደ። መጀመሪያ ምክር ቤቱ ሄደ፣ ቀጥሎ ፓርቲው፣ ከዚያ በደርግ ጊዜ የታሰረበት እስር ቤት። እስር ቤቱስ ይሂድለት፤ በዚያ አልቅሼ አላውቅም። አንድ ጠዋት እግሩን ሳጥበው ግን ፀጉሬን ዳበሰኝና፣ እቴቴ፣ መቼ መጣሽ? አለኝ።

እቴቴ የሚለው እርስዎን ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ እሷ አይደለሁም ስለው አለቀሰ። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ እሱም ተረጋጋ። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚህ ቤት እርስዎ ነኝ። በፊት ወንድምዎን ወሰድኩ፣ አሁን ደግሞ ስምዎን። ይቅር ይበሉኝ፤ ሁለቱንም ፈልጌ አልነጠቅኩዎትም።

ወደ ማታ ሲል ተነሺ እንሂድ ይለኛል። ክንዱን ይዤ ቀስ እያልን ፋብሪካው በር ድረስ እንወርዳለን። ያኔ እዚህ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ ሳለ፣ ፈረቃ ስንቀያየር ይጠብቀኝ የነበረው እዚያ ነው። ሠራተኞቹ ሲወጡ የያንዳንዷን ልጅ ፊት ያያል። ልጆቹም ለምደውታል፤ አባባ እንዴት አመሹ እያሉት ያልፋሉ። ሁሉም አልቀው ዘበኛው በሩን ሲገፋው፣ ዛሬም አልወጣችም እቴቴ፣ አሟት ይሆን? ይለኛል። ክንዴን እንደያዘ እኮ ነው።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለሷ ያወራኛል። ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ያርፍበታል፣ ብታራግፈውም አይለቃት፣ እኔ ደግሞ ባይለቃት ደስ ይለኛል አለ። ሳቋ ከማሽኑ ጩኸት በላይ ይሰማል አለ። አንድ ቀን ከምሳዋ ቆርሳ ስታጎርሰኝ እጇ የማሽን ዘይት ዘይት ይል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የበላሁት ሁሉ አይጥመኝም አለ። እትዬ፣ ወንድምዎ ስለ አገር ሲናገር እንጂ ስለ ፍቅር ሲናገር አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም ነበር። በትዳር የኖርነውን ዘመን ሁሉ ያልነገረኝን አሁን እየነገረኝ ነው። አንዳንዴ መንገዱ ባያልቅ እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ፣ አልደብቅዎትም፣ በዚያች ልጅ እቀናለሁ።

ቤት ስንደርስ ደጃፉ ላይ ይቆምና አይገባም። እቴቴ፣ ላግባት? ይለኛል። እኔን ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፣ ያለ አንቺ ምርቃት ቤት ብሠራ አይቆምልኝም፣ እባክሽ እሺ በዪኝ ይላል። በየማታው ነው። እንደ ልጅ ጉልበቴን ይይዛል።

ሌላውን ሁሉ በእርስዎ ስም እመልስለታለሁ። ብላ እለዋለሁ፣ ተኛ እለዋለሁ፣ ላሚቱ ወለደች ብዬም ዋሽቼዋለሁ። ለዚህች ግን አፌ አልታዘዝ ይለኛል። እሺ እንዳልለው፣ እርስዎ ያልሰጡኝን እኔ ለራሴ እንዴት ልስጥ? እንቢ እንዳልለው ደግሞ የት አባቴ ልግባ? ነገ እንነጋገራለን እያልኩ አስገባዋለሁ። ነገ ደግሞ ከየት እንደሚመጣልኝ እንጃ። ልጅ አልሰጠን፣ የምማከረው ሰው የለኝም። ስለዚህ ከእርስዎ ዘንድ መጣሁ።

ይምጡም አልልዎትም። ቢመጡ የሚፈልገው ያችን ወጣቷን እቴቴን ነውና እንዳያውቅዎት፣ እንዳያዝኑብኝም እፈራለሁ። ለእኔ ብለው ይመርቁን እያልኩም አይደለም፤ እኔ ያለ ምርቃት ኖሬዋለሁ፣ አልፏል። መልሱን ብቻ ይላኩልኝ። ጣሰው ቅዳሜ ይመለሳል፣ በቃል ይንገሩት። እንቢ ካሉም እንቢ ይበሉ፤ ዝም ብቻ አይበሉኝ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ለማን ነው? አለኝ። ሳላስበው፣ ለእቴቴ አልኩት። እስኪያስለው ሳቀብኝና፣ አንቺ ሴትዮ፣ ለራስሽ ነው እንዴ ደብዳቤ የምትጽፊው? አለኝ። ከዚያ ቆይቶ፣ ሳቁን ትቶ፣ እንግዲያው መልካም ልጅ ናት ብለሽ ጻፊበት አለኝ። ጽፌያለሁ።

ጉልበትዎን ያበርታልዎት፤ ጓሮዎን ይባርክልዎት፤ ዕድሜዎን ያርዝምልን።

የወንድምዎ ሚስት