በስምህ «አቤት» ማለት አቆምኩ

ግርማ፣ የኔ ሰው፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ዛሬ የምጽፍልህ አንድ ያደረግሁትን ነገር ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው፤ እዚያም ብትሆን ከአምቦ ሰው ወሬ የምታመልጥ አይመስለኝም። ስምህን ከእድሩ መዝገብ አሰርዤዋለሁ።

ሳትቆጣ መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሰላም እጃጂ ከተማ አስተማሪ ሆና ተቀጥራለች፤ በየሁለት ሳምንቱ ትመጣለች። አቮካዶው ዘንድሮ አፈራ። የጓዳው ጣሪያ አሁንም ያፈሳል። እኔም ያው ወረዳው መዝገብ ቤት ነኝ።

አንተ ከሞትክ በኋላ እድሩ አባልነትህን ለእኔ አስተላለፈ፤ ስሙ ግን ያንተ እንደሆነ ቀረ። ከቀብር በኋላ ጸሐፊው ስም ሲጠራ «አቶ ግርማ» ይላል፣ እኔ «አቤት» እላለሁ። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። ስምህ ጮክ ተብሎ የሚጠራበት ሌላ ቦታ አልነበረኝማ። አንተ ጸሐፊ በነበርክበት ዘመን አንድ ቀን ቀርተህ ስለማታውቅ፣ እኔ ብቀር የቀረኸው አንተ ትሆናለህ ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ አንድም ቀብር አላመለጠኝም። ከቀብሩ በፊት የንፍሮ ድስት ላይ እቆማለሁ፣ ከቀብሩ በኋላ ሐዘንተኛ ቤት እቀመጣለሁ። ጥቁሩ ነጠላ ከቢሮ ቦርሳዬ አይጠፋም። ራሴን ሲያዞረኝ ድካም ነው እላለሁ። የጤና ጣቢያ ቀጠሮዬን ሦስት ጊዜ አሳለፍኩ።

አንተም እንዲህ ነበርክ። ደረትህን ሲወጋህ «ይህን ቀብር ልሸኝና እሄዳለሁ» አልክ። ሸኘህ። ስም ጠርተህ ሳትጨርስ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀመጥክ፤ በሦስተኛው ቀን እኛ አንተን ሸኘን። እስከ ዛሬ አልነገርኩህም እንጂ አናድደኸኛል።

ባለፈው ሐምሌ ከቢሮ ስመለስ ሰፈራችን መግቢያ ኦቦ ደቻሳ ደጅ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ አየሁ። ማን እንደሞተ አልጠየቅሁም። ነጠላዬን አውጥቼ አዘቅዝቄ ለበስኩና «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያልኩ ገባሁ።

ሰው ሁሉ ብርጭቆውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከፊት የኦቦ ደቻሳ ልጅ ጥቁር የምረቃ ጋውኗን ለብሳ፣ አበባ ታቅፋ ቆማለች።

ቀድማ የተናገረችው የድስቱ አለቃ፣ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ናት። «ማል ታቴ፣ ብዙነሽ? ምን ነካሽ? ልጅቷ ተመረቀች እንጂ አልሞተችም!»

«ጥቁር ለብሳ ስታያት ነዋ!» አለ አንዱ። ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ።

እኔም ሳቅሁ። ግን ለማን እያለቀስኩ እንደገባሁ ራሴን ስጠይቅ የማነሳው ስም አጣሁ። እንባው የእውነት ነበር፤ የማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ከዚያ ዓይኔ ጨለመብኝ። አዴ ጫልቱ ደግፋ አስቀመጠችኝ።

«ነገ ጤና ጣቢያ ትሄጃለሽ።»

«ነገ ቀብር አለ።»

«ሬሳው ብዙነሽን ካላየሁ አልቀበርም አለ?»

ሄድኩ። ደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሟ ክኒን አዘዘችልኝና መቼ መቼ እንደማርፍ ጠየቀችኝ። «ቀብር በሌለ ቀን» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

ቀጥሎ በነበረው የእድሩ ስብሰባ ጸሐፊው «አቶ ግርማ» አለ። «አቤት» አላልኩም። ደገመው። ተነሣሁ።

«ግርማ ሞቷል» አልኩ። «እኔ ብዙነሽ ነኝ፣ በስሜ ጻፉኝ። አሞኛል፤ ከእንግዲህ ድስት ላይ መቆም አልችልም። ቀብርም ስችል እመጣለሁ፣ ሳልችል እቀራለሁ።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «የባሏን ስም ታሰርዛለች እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። አዴ ጫልቱ ዞር እንኳ ሳትል «ድስቱን እኛ እናነሳዋለን አባባ፣ እርስዎም አንድ ጆሮውን ይይዙልናል» አለች። ሽማግሌው ራሳቸው ሳቁ።

ጸሐፊው ማስመሪያ ፈልጎ ስምህ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። ረዳትህ በነበረ ጊዜ አንተ ነህ እንዲህ ያስተማርከው። ከሥሩ የእኔን ስም እስኪጽፍ ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ፍል ውሃው መዋኛ እሄዳለሁ። አልዋኝም፤ እግሬን ነክሬ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እጄ የሚይዘው ነገር ይፈልግ ነበር፣ ልቤም ዛሬ ማን ሞቶ ይሆን እያለ ይሮጥ ነበር። ቀስ በቀስ ውሃው ይሰማኝ ጀመር፤ ሙቀቱ፣ የዋናተኞቹ ጩኸት፣ ተረከዜን የሚኮረኩረኝ አረፋ። እንደተጋባን ሰሞን አንድ ጊዜ እዚህ ይዘኸኝ መጥተህ ነበር። ሱሪህን እስከ ጉልበትህ አጠፍክ፣ «ይህማ ገነት ነው» አልክ፣ ወዲያው ሰዓትህን አይተህ «ስብሰባ አለኝ» ብለህ ተነሣህ። ርጥብ እግርህን ካልሲ ውስጥ ለመክተት ስትታገል ሳቅሁብህ። ያን ቀን ትንሽ ብንቆይ ምን ነበረበት?

ምሳዬንም ቁጭ ብዬ፣ ሳይቀዘቅዝ እበላለሁ። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤ ጠዋት ፀሐይ ፊቴ ላይ ትወጣለች። ቀብር እሄዳለሁ፤ ስሄድ ግን የምቀብረውን ሰው አስቤው ነው።

ሰላም በመጣች ቁጥር ስላንተ ትጠይቀኛለች። ባለፈው፣ ጎጆ ከተማ ለሥራ ተመድበህ በነበረ ጊዜ፣ በዚያ ብርድ፣ ትኩስ ቅቅል ድንች ኪስህ ከትተህ እጅህን ታሞቅ እንደነበር ነገርኳት። ገና ብዙ ይቀረኛል፤ ለጋብቻ ስትጠይቀኝ የተናገርከው፣ ስትዋሽ ጆሮህን መነካካትህ፣ እሷ የተወለደች ቀን ጫማህን አቀያይረህ አድርገህ መምጣትህ። እኔ ካልነገርኳት የሚነግራት የለም። ቃሌ ይኸውልህ፦ አንድም ሳላስቀር እነግራታለሁ። ለዚያ ደግሞ ብዙ ዓመት መኖር አለብኝ፤ ክኒኔን በሰዓቱ እውጣለሁ።

ብዙነሽ